በረዶ ላይ ተሰቅዬ የተናዘዝኩት

ከፍታ እንደምፈራ አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ዙሪክ፣ አፎልተርን የምኖርበት ቤት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰፊ በረንዳ አለው። ጎረቤቶቼ በበጋ በየበረንዳቸው ወንበር አውጥተው፣ አበባ ተክለው፣ ሥጋ ጠብሰው ይዝናናሉ። እኔ ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው፤ በረንዳዬን የማውቀው በመስኮት ነው። አንድ ቀን ነፋስ ከመስኮቱ ላይ ካልሲዬን ወስዶ እዚያ ጣለብኝ። እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ጓደኛው መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ይጠብቀዋል።

እንዲህ ያለ ሰው በሁለት እጁ መጥረቢያ ጨብጦ፣ ጫማው ሥር የብረት ጥርስ አስሮ፣ የቀዘቀዘ ፏፏቴ ላይ ምን ይሠራል ብትሉኝ ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። እኔም እዚያው ተሰቅዬ ራሴን የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በልጄ ነው። አይ፣ እሷ ላይ ማላከኩን ልተው፤ የጀመረው በእኔ ነው። መክሊት አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከእናቷ ጋር ጄኔቭ፣ ቬርኒየ ትኖራለች። እናቷ ሰናይትና እኔ ከተለያየን ስምንት ዓመት አለፈን። በሰላም ነው የተለያየነው፤ ማለቴ እሷ በሰላም ትኖራለች። እኔ ዙሪክ፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ልብስ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ያህል በባቡር ተጉዤ ልጄን ላይ እሄዳለሁ።

ትንሽ ሳለች ከባቡሩ ስወርድ ሮጣ አንገቴ ላይ ትጠመጠም ነበር። አሥራ አራት ሲሞላት ግን ነገሩ ተለወጠ።

«እንዴት ነሽ?»

«ደህና።»

«ትምህርትስ?»

«ደህና።»

«እናትሽስ?»

«ደህና።»

ሦስት ሰዓት ተጉዤ ሦስት «ደህና» ይዤ እመለሳለሁ። ቋንቋችንም አልረዳንም። የእሷ አማርኛ በፈረንሳይኛ ተጠግኖ የቆመ ነው፤ የእኔ ፈረንሳይኛ ከ«ቦንዡር» ብዙ አይርቅም፤ የለመድኩትን ጀርመንኛ ደግሞ እሷ መስማት አትፈልግም።

እና አንድ ቅዳሜ ትራም ላይ ቆመን ሳለ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«አባዬ፣ እይ!»

በዓመቱ ውስጥ ሳልጠይቃት የተናገረችኝ የመጀመሪያው ነገር ይመስለኛል። ስልኩ ላይ አንድ ሰው የቀዘቀዘ ፏፏቴ ላይ ይወጣል። ለካስ ልጄ ከትምህርት በኋላ አዳራሽ ውስጥ ግድግዳ መውጣት ጀምራለች፤ ቀጥሎ የሚያምራት ደግሞ በረዶ ነው።

«እኔ ይሄን መሥራት እፈልጋለሁ» አለችኝ። «አንተ ግን አትችልም። አንተ ትፈራለህ፣ አይደል?»

በክፋት አይደለም ያለችው። ጥቁር ነህ አይደል እንደሚሉት፣ የምታውቀውን ነው የተናገረችው። ነገር ግን አጠገባችን የቆሙ ሁለት ሴቶች አማርኛ የሚሰሙ መሰለኝ። ደሜ ፈላ።

«ማን? እኔ? ራስ ዳሽንን የወጣሁት ሰውዬ?»

እናንተዬ፣ ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም። ዳሽንን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። በእግሬ የወጣሁት ትልቁ ከፍታ እንጦጦ ነው፤ እሱንም ግማሹን በታክሲ።

የመክሊት ዓይን ፈጠጠ። «ሴ ቭሬ? እውነት?»

«እውነት። ሁለት ጊዜ።»

አንዱ አይበቃም ነበር? ሁለተኛውን ምን አመጣው?

የዚያን ቀን አራት ሰዓት ሙሉ አወራን። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እመልሳለሁ። በረዶ ነበረ ወይ? እስከ ጉልበት። ብቻህን ነበርክ? የለም፣ ከጓደኛዬ ጋር። ጓደኛህ ማን ይባላል? በላይነህ። በላይነህ መንገድ ላይ ታሞብኝ ተሸክሜው ወረድኩ። ባቡሬ ሊነሳ ሲል በላይነህን ሚስት አጋብቼው፣ ሁለት ልጅ አስወልጄው ነበር። መክሊት ጣቢያው ላይ ሳልጠይቃት አቀፈችኝ። እስከ ዙሪክ ድረስ ፈገግ እያልኩ ሄድኩ። አሁን ሳስበው ፊቴን የት እንደምደብቅ ይጠፋኛል።

በሳምንቱ መልእክት ደረሰኝ። የመክሊት የወጣቶች ማኅበር ቫሌ ተራሮች ውስጥ ለጀማሪ ወላጆችና ልጆች የአንድ ቀን የበረዶ መውጣት ትምህርት አዘጋጅቷል፤ መክሊትም ሁለታችንን አስመዝግባለች። ወዲያው ሰናይት ደወለች። ከእኔ ጋር በኖረችባቸው ዓመታት የቤታችንን አምፖል ወንበር ላይ ወጥታ የምትቀይረው እሷ ነበረች።

«ዳሽን?» አለችኝ።

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ሁለት ጊዜ?»

«ሰናይት፣ አንዴ አመለጠኝ።»

«እኔ አልነግራትም፤ አንተው ንገራት። ከመሄዳችሁ በፊት ንገራት።»

«እነግራታለሁ» አልኩ። ይህም ሌላ ውሸት ሆነ።

ለልጄ መንገር ያቃተኝን እውነት መጀመሪያ የነገርኩት ለሄር ቪድመር፣ በእኛ አባባል ለአቶ ቪድመር ነው። ሄር ቪድመር እኔ የምሠራበት መኖሪያ ውስጥ የሚኖሩ የሰማንያ ስድስት ዓመት አዛውንት ናቸው። በወጣትነታቸው ተራራ ወጪ ስለነበሩ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ እጀታው እንጨት የሆነ አሮጌ የበረዶ መጥረቢያ ሰቅለዋል። የተኮስኩትን ሸሚዝ ላደርስ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሳቁ። ሲስቁ ሳል ያዛቸው፤ ሳሉ ሲበረታ ነርሷ እየሮጠች መጣች። ትንፋሻቸው ሲመለስ እንባቸውን ጠርገው፣ «ሰኞ ከሥራ በኋላ እታች ጠብቀኝ» አሉኝ።

ሰኞ የሚደገፉበትን ጋሪ እየገፉ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ድረስ ወረዱ። መጥረቢያቸውን ግን ሊያበድሩኝ አልፈለጉም። በምትኩ ሁለት የሽቦ ልብስ መስቀያ አስያዙኝና አንሶላ የታጨቀባቸውን ከረጢቶች እስከ ጣራ አስከምረው፣ «ይኸውልህ በረዶህ» አሉ።

«ክንድህን ዘርጋ! እግርህን አጥብቀህ ምታ! ተረከዝህን ዝቅ! ዝቅ አልኩህ! እንደ ባሌት ጨፋሪ ምን ያቆምሃል?»

መስቀያውን ከረጢቱ ላይ እሰካለሁ፣ በእግሬ እመታለሁ፣ አቃስታለሁ፤ ሽማግሌው ከኋላዬ «አሁንም ምታው! አትዘንለት!» እያሉ ይጮኻሉ። በዚህ መሀል ኃላፊያችን በሩን ከፈተች። ትንሽ ቆማ አየችን። ምንም ሳትናገር ዘጋችው። በማግስቱ ሳጥኔ ውስጥ ስለ ሥራ ጭንቀትና ንዴትን ስለ መቆጣጠር የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ አገኘሁ። አነበብኩት። እውነቴን ነው፣ ጥሩ መጽሐፍ ነው።

በመጨረሻው ቀን ሄር ቪድመር ከበግ ሱፍ የተሠራ ቀይ ረጅም የውስጥ ሱሪያቸውን አዋሱኝና ሁለት ነገር መከሩኝ። «አንደኛ፣ ገመዱ ይይዝሃል፤ እመነው። ሁለተኛ፣ ለልጅቷ ንገራት።»

«የትኛውን ላስቀድም?»

«የልጅቷን ነዋ፣ አንተ ሞኝ!»

ቀኑ ደረሰ። ከጄኔቭ በጧት ባቡር ተነሳን። ሎዛን ስንደርስ እነግራታለሁ አልኩ። ሎዛን ስንደርስ መክሊት ዳቦ እየበላች ነበር፤ ምግብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። ቀጣዩ ጣቢያ ላይ እነግራታለሁ አልኩ። ቀጣዩ ጣቢያ ላይ እሷ፣ «ለአስተማሪያችን ለሴሊን ስለ በላይነህ ነገርኳት፤ በጣም ነው የደነቃት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የባቡሩን መስኮት ነው የተመለከትኩት።

ፏፏቴው ከሩቅ ያምራል። ሦስት ፎቅ ያህል ይረዝማል፣ ሰማያዊ ነው፤ በጋ ሲወርድ የነበረው ውኃ «ባለህበት ቁም» የተባለ ይመስላል። ሥሩ ስድስት ወላጆች ከነልጆቻቸው ተሰብስበዋል። አስተማሪዋ ሴሊን አጭር፣ ፊቷን ፀሐይ ያከሰላት፣ ዓይኗ ቶሎ ቶሎ የሚያይ ሴት ናት። የምትናገረው ፈረንሳይኛ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንደበቴ ልጄ ሆነች።

በመጀመሪያ ገመድ የሚታሰርበትን የወገብና የጭን መታጠቂያ አደሉን። ሁለቱንም እግሬን በአንዱ ቀዳዳ አስገብቼ እንደ ጆንያ ሩጫ ተወዳዳሪ መዝለል ጀመርኩ። መክሊት ግራ ገብቷት አየችኝ።

«ዳሽን ላይ ሌላ ዓይነት ነበር» አልኳት።

ቀጥሎ ጫማ ሥር የሚታሰረው የብረት ጥርስ መጣ፤ ክራምፖን ይሉታል። የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አሰርኩት። ገና ሁለት እርምጃ ስራመድ የአንዱ እግሬ ጥርስ የሌላውን እግሬን ሱሪ ነክሶ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ተረተረው። የሄር ቪድመር ቀይ ሱፍ ለቫሌ ተራሮች ሁሉ ታየ። አንድ ወላጅ ጎንበስ ብሎ በአድናቆት ዳሰሰው። «ድሮ ቀረ እንዲህ ያለ ሱፍ» ያለ መሰለኝ።

ሴሊን አጨብጭባ አንድ ነገር ስትጠይቅ መክሊት እጄን ይዛ ወደ ላይ አነሳችው።

«ምን አለች?»

«ከዚህ በፊት ተራራ የወጣ ማነው አለች። አንተ ነሃ!» ፊቷ ያበራል። «መጀመሪያ አንተ ወጥተህ ለሌሎቹ አሳያቸው ትላለች።»

እዚህ ላይ መናገር እችል ነበር። መሬት ላይ ነበርኩ፣ እግሬ ቆሟል፣ አፌ ይሠራል። ግን የልጄን ፊት አየሁትና አፌን ዘጋሁ።

ሴሊን ገመዱን አሰረችልኝ፤ ገመዱ ፏፏቴው ጫፍ ላይ ዞሮ ወደ እሷ እጅ ይመለሳል። መጥረቢያውን ሰነዘርኩ። ስንጥር በረዶ ተፈናጥሮ አፍንጫዬን መታኝና ደማሁ። ከታች አጨበጨቡ። ሁለተኛውን ሰካሁ። እግሬን መታሁ፣ ተረከዜን ዝቅ አደረግሁ፤ የአንሶላው ከረጢት ለካስ ቁምነገር አስተምሮኛል። እያፈርኩም ቢሆን ወጣሁ። አራት ሜትር ያህል ወጣሁ። ከዚያ ወደ ታች አየሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በቅጡ አላስታውስም። ክንዴ እንጨት ሆነ። ጣቴ መጥረቢያውን ልቀቅ ብለው እንኳ አይለቅም። ግራ እግሬ እንደ አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ መኪና ሞተር ይንዘፈዘፍ ጀመር። ሴሊን ከታች ትጮኻለች።

«ቁጭ በል ትልሃለች!» አለች መክሊት።

«የት ላይ?»

«አየር ላይ! ቁጭ በልና እጅህን ልቀቅ፣ ታወርድሃለች!»

«መክሊት፣ እባክሽ በደንብ ተርጉሚ!»

«እንደዛ ነው ያለችው!»

የማውቃቸውን ቅዱሳን በሙሉ በየስማቸው ጠራሁ። አንዱን ሁለት ጊዜ ጠራሁት መሰለኝ። ማንም አልመጣም። ያን ጊዜ ገመዱ እንደሚበጠስ፣ እኔም እንደምሞት፣ ልጄም መቃብሬ ላይ «ዳሽንን ሁለት ጊዜ የወጣ» ብላ እንደምታጽፍ ታየኝ።

«መክሊት!» ብዬ ጮኽኩ። «ዳሽንን አልወጣሁም!»

«ምን?»

«አልወጣሁም! አይቼውም አላውቅ! በላይነህም የለም!»

«በላይነህ ሞተ?»

«አልተወለደም!»

 ሴሊን ወደ መክሊት ዞራ ምን እንዳልኩ ስትጠይቅ ሰማሁ። መክሊት ወደ እኔ ቀና ብላ አየች። ቆይታ በዝግታ አንድ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ሴሊን አንገቷን ደፋች። አንዲት እናት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

በመጨረሻ ቁጭ ያልኩት አምኜ አይደለም፤ እጄ ስለከዳኝ ነው። ገመዱ ያዘኝ። እንደ እርጥብ አንሶላ እየተሽከረከርኩ ወረድኩ። መሬት ስደርስ ሴሊን አቀፈችኝ። ሱፌን የዳሰሰው ሰውዬ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳልኝ። ሌሎቹም በተራ በተራ እየመጡ እጄን ያዙኝ፤ ፊታቸው የለቅሶ ቤት ፊት ነው። የቀዘቀዘ እጅ ደም ሲመለስበት እንዴት እንደሚያም የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጣቶቼ ሲሞቁ ሕመሙ እንባዬን አወረደው። እኔ ሳለቅስ ያቺ እናት አብራኝ አለቀሰች።

መክሊት ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። ወደ እሷ ሄድኩ።

«ምን ብለሽ ነው የተረጎምሽላቸው?»

«ጓደኛው በላይነህ ተራራ ላይ ሞቶበታል፣ እሱን አስታውሶ ነው አልኳቸው።»

«ለምን?»

«አንተ እንዳታፍር።»

በረዶ ላይ ያልወደቅሁት ሰውዬ እዚያ ሜዳ ላይ ወደቅሁ። ለዓመታት ከልጄ ጋር የምንመሳሰልበትን ነገር ስፈልግ ኖሬያለሁ፤ ይኸው አገኘሁት።

«ነይ ተርጉሚልኝ፤ እውነቱን ልንገራቸው።»

«ኖን።» አንገቷን አወዛወዘች።

ብቻዬን ተመለስኩ። የማውቀው ፈረንሳይኛ ሁሉ ተጠራቅሞ እፍኝ አይሞላም። «ማዳም፣ ሙስዩ» አልኩ። «በላይነህ ኖን። ሞንታኝ ኖን። ሞዋ...» በላይነህ የለም፣ ተራራ የለም፣ እኔ... ማለቴ ነበር፤ ዋናው ቃል ጠፋኝ። ዞር ብዬ በአማርኛ ጮኽኩ፤ «መክሊት፣ ውሸታም በፈረንሳይኛ ምንድን ነው?»

ረዘም ላለ ጊዜ አየችኝ። «ማንተር» አለች በቀስታ።

«ሞዋ ማንተር» አልኳቸው።

ያለቀሰችው እናት እንባዋን እንደ ተዘረፈች ሰው ጠረገች። ሻይ የቀዳልኝ ሰውዬ ጽዋውን ተመለከተ፤ ልቀበለው ይሆን ብሎ ያሰበ መሰለኝ። ሴሊን ግን አልሳቀችም። አጠገቤ መጥታ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች፤ መክሊትም ከኋላዬ መጥታ ሳትጠየቅ ተረጎመችው።

«ተራራ ላይ የማትችለውን እችላለሁ ካልክ ሰው ይሞታል ትላለች። እኔ አምኜህ ነው አንተን ያስቀደምኩት ትላለች። ከዚህ በኋላ ከትንንሾቹ ጋር ሁን ትላለች።»

እናም የቀረውን ቀን ከዘጠኝና ከአሥር ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፌ፣ ጉልበት በማይደርስ በረዶ ላይ እግር መትከል ስማር ዋልኩ። አንዲት ሹሩባ የተሠራች ትንሽ ልጅ ተረከዜን እያየች ታርመኝ ነበር። ልጄ በዚያ መሀል እስከ ጫፍ ወጣች። ስትወጣ አንገቴን ቀና አድርጌ አየኋት፤ እንዴት እንደምታምር! ላይ ደርሳ ወደ ታች ተመለከተች። እጄን አውለበለብኩ። አላውለበለበችልኝም።

በመልሱ ባቡር ላይ መክሊት እስከ ሎዛን መስኮቱን ስትመለከት ቆየች። ከዚያ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል፣

«ሌላስ?» አለችኝ።

«ምን ሌላ?»

«ሌላ ምን ዋሸኸኝ?»

እውነት ለመናገር የት እንደምጀምር ቸገረኝ። ከሁሉም የከበደኝን አስቀደምኩ። «አንደኛ ደረጃ ስትጨርሺ ድግስ ነበረ። ባቡር ተሰርዞብኝ ነው ያልመጣሁት ብዬሽ ነበር። አልተሰረዘም። ጄኔቭ ጣቢያ ድረስ መጥቼ ነበር። አስተማሪዎችሽ በፈረንሳይኛ ቢያናግሩኝ፣ አንቺም አጠገቤ ቆመሽ እኔ ዝም ብል... አፈርኩ። ተመለስኩ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት?»

«እማዬ የባቡሩን ሰዓት በስልክ አየችው። ሁሉም ባቡር ነበረ።» ወደ እኔ ዞረች። «ጄኔቭ ድረስ መምጣትህን ግን አላውቅም ነበር።»

ጄኔቭ ልንገባ ስንል ቦርሳዋን አነሳች። «ሐሙስ የወላጆች ስብሰባ አለ። ትመጣለህ?»

«ፈረንሳይኛዬ...»

«እኔ እተረጉማለሁ። ግን ያልከውን ብቻ።»

ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ክንዴ ገና አልታዘዝ ብሎኝ የመማሪያ ክፍሉን በር በትከሻዬ ነው የገፋሁት። የክፍል ኃላፊው መምህር መነጽር ያደረገ፣ ትሁት ሰው ነው። በልጆች ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ መክሊት በመሀላችን። መምህሩ ተናገረ፣ ተናገረ፣ በባዶ እጁ ከጠረጴዛው ላይ ትንሽ ነገር ያነሳ መስሎ እስከ ጣራው ድረስ አሳደገው። ፊቱ ላይ ሥጋት ነበረበት።

«ጎበዝ ተማሪ ነች ይላል» አለች መክሊት።

የመምህሩን እጅ አየሁ። እሷን አየኋት። ጆሮዋ ቀላ። ጫማዋን እያየች ቀጠለች።

«...ግን ታጋንናለች ይላል። ያልሆነውን ሆነ ትላለች፣ የክፍሉ ልጆች ማመን ትተዋል ይላል። ይሄን ነገር ከየት እንዳመጣችው አልገባንም ይላል።»

መምህሩ መልሴን ይጠብቃል።  መስኮቱን አየሁ፣ በሩን አየሁ።

«ከእኔ ነው በይው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞራ አንድ ቃል ሳትጨምር፣ አንድ ቃል ሳትቀንስ ነገረችው።